ሕያው ነገር ከምን እንደተሠራ ያስተማሩን መምህር ጨመዳ ደረሳ

ወይዘሮ ደራርቱ ባቻ ከወለዷቸው ልጆች አድገው ለቁም ነገር የደረሱላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ከሁለቱ ታላቁ ዛሬ የምንሸኛቸው መምህር ጨመዳ ደረሳ ናቸው። በወለጋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከሲሬ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር፣ በጥቅምት ወር 1922 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ደረሳ ታፋ ተወለዱ። አባታቸው በቆሎና ኑግ የሚዘሩ፣ በሠፈራቸው ለሽምግልና የሚጠሩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ዛሬም በሕይወት አሉ። እዚሁ ከፊታችን ተቀምጠዋል። ልጅን መቅበር ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ አድጎ፣ አግብቶ፣ ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበትን ልጅ ግን ቀብረው አያውቁም።

መምህር ጨመዳ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በጠላት ወረራ ዘመን፣ አባታቸው በንዳድ፣ በወባ በሽታ፣ ታመው ዐረፉ። በዚያ ጊዜ ሐኪም ማግኘት የሚታሰብ አልነበረም። ወይዘሮ ደራርቱ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ጨመዳን ይዘው ነቀምቴ ገቡና ከአክስታቸው ዘንድ አስቀምጠው በሚስዮን ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ፣ ክፍል ውስጥ የሚጠየቁት በአማርኛ ስለነበር የመጀመሪያውን ዓመት አብዛኛውን ዝም ብለው ነው ያሳለፉት። አስተማሪያቸው ጆሯቸው የማይሰማ መስሏቸው አክስታቸውን አስጠሩ። አክስታቸውም «ጆሮውስ ደህና ነው፤ አማርኛው ነው ገና ያልደረሰለት» ብለው መለሱ። አማርኛውም ሲደርስላቸው ዘግይቶ እንደመጣ ሰው ሳይሆን ቀድሞ እንደተሰናዳ ሰው ተናገሩት። የኋላ ተማሪዎቻቸው መምህሩ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላቅለው ሲያስተምሩ የነበራቸውን ለዛ የሚያስታውሱት ስለዚህ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ከጨረሱ በኋላ በ1942 ዓ.ም. ለመምህርነት ሥልጠና ተመርጠው አዲስ አበባ ሄዱ። የሕይወታቸው መንገድ የተወሰነው እዚያ ነው። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ከሽንኩርት ላይ ስስ ልጣጭ ገፈው፣ በአዮዲን ነክተው፣ በሁለት መስታወት መካከል አድርገው ከማይክሮስኮፕ ሥር አኖሩት። ሠልጣኞቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ እያዩ አለፉ። መምህር ጨመዳ ግን ተራቸው ደርሶ ካጎነበሱ በኋላ ቀና አልል አሉ።

«አንተ ሰው፣ ምን እያየህ ነው?» አላቸው ከኋላ የቆመ ባልንጀራቸው።

«ክፍሎች አያለሁ» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «አንዱ ከሌላው ጋር ግድግዳ የሚጋራ። መጨረሻ የለውም።»

አስተማሪው ያን ቀን ያስረዷቸው፣ እነዚያ ክፍሎች ሴል እንደሚባሉ፤ ሽንኩርቱ ብቻ ሳይሆን ዛፉም፣ በሬውም፣ ሰውም ከሴል እንደተሠራ፤ ሴል ሁሉ ደግሞ ከእሱ በፊት ከነበረ ሴል እንደሚወለድ ነው። መምህር ጨመዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ አባታቸውን የገደለው ንዳድ በዚህ መሣሪያ ይታይ እንደሆነ። አስተማሪውም ንዳድን የሚያመጣው ተውሳክ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ እንደሚታይ ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከአንድ የሐዘን ዓመት በቀር፣ ሌላ ትምህርት ላስተምር ብለው አያውቁም።

በ1945 ዓ.ም. ተመርቀው በመጀመሪያ የተመደቡት በጊምቢ ነበር። ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ቀርቶ በቂ ወንበር እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ የማር እንጀራ ከገበያ አምጥተው በጠረጴዛ ላይ አኖሩና «ሴል ማለት እንዲህ ነው፤ አንዱ ቀዳዳ ለብቻው ትንሽ ነው፤ ሲሰበሰብ ግን ይኸው ቤት ሆነ» እያሉ አስተማሩ። ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ማሩን ከነሰሙ ጨረሱት። በሚቀጥለው ሳምንት ሴል ምን እንደሆነ ያልመለሰ አልነበረም።

በ1948 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ከዛፍ ወድቆ እጁ የተሰበረ ተማሪ ይዘው ሐኪም ቤት ሲሄዱ በድሬሰርነት፣ በረዳት አስታማሚነት፣ የሚያገለግሉትን ወይዘሪት ሐረግወይን ገብረኪዳንን አገኟቸው። ልጁ በሳምንቱ ተሻለው፤ መምህሩ ግን «እጁን ልጠይቅለት» እያሉ ወደ ሐኪም ቤቱ መመላለሳቸውን አልተዉም። የወይዘሪት ሐረግወይን አባት አቶ ገብረኪዳን ከሸዋ ከቡልጋ መጥተው በአውራጃው ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሚሠሩ፣ በሃይማኖታቸው የጸኑ ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ። በሚስዮን የወንጌል አማኝ የሆነ ሰው ልጃቸውን ጠየቀ ሲባሉ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሉ መለሱ። ሁለተኛው ሽምግልና የሄደው በጉርብትና ሁለቱንም ወገን በሚያውቁት፣ ከጉራጌ አገር መጥተው በከተማው ሱቅ በከፈቱት በአቶ ወልደገብርኤል መሪነት ነው። ከብዙ ልመና በኋላ አቶ ገብረኪዳን «የሚወለዱት ልጆች በእናታቸው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ከተነሡ እሺ» አሉ። መምህር ጨመዳም ተስማሙ። ጋብቻቸው በጥር 1949 ዓ.ም. ተፈጸመ። እሑድ እሑድ ባልና ሚስት ከአንድ ደጅ ወጥተው መንታ መንገዱ ላይ ይለያያሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም እዚያው ይጠባበቃሉ። ቀድሞ የደረሰው ቆሞ ሌላውን ሲጠብቅ ያላየ የሠፈሩ ሰው የለም።

በ1951 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የትምህርት ሚኒስቴር ለትምህርት ቤቱ አንድ ማይክሮስኮፕ ፈቀደ። መምህር ጨመዳ ራሳቸው አዲስ አበባ ሄደው ተረከቡት። በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ይጫን ቢባሉ እምቢ ብለው በጋቢ ጠቅልለው በጭናቸው ላይ አቅፈው ተጓዙ። ሲሬን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰጠመና ተሳፋሪው ሁሉ ውረድ ተባለ።

«ጌታዬ፣ ሕፃኑን ያቀብሉኝና እርስዎ ይውረዱ» አላቸው ረዳቱ።

«ሕፃን አይደለም» አሉት።

«ታዲያ ምንድነው እንዲህ አድርገው ያቀፉት?»

«ከሕፃን የሚብስ ነው» አሉና እንዳቀፉ ወረዱ። በዝናብ በእግራቸው ጉቴ ድረስ ተጉዘው ከዘመድ ቤት አደሩ። ነቀምቴ ሲደርሱ ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ነበር፤ በጋቢው ውስጥ ያለው ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አልነካችውም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳይንስ ክፍሉን ለወላጆች ክፍት ያደርጉ ጀመር። ገበያ የወጣ ሁሉ ጎራ እያለ ያይ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ደራርቱም ከሲሬ ሲመጡ ልጃቸው ክፍሉ ድረስ ወስደው የሽንኩርት ልጣጭ አሳዩዋቸው። ንግግራቸው በኦሮምኛ ነበር።

«ይህ ሁሉ ከአንድ ሽንኩርት ነው?» አሉ እናት።

«አዎ ሀርሜ፣ እናቴ። እያንዳንዷ ከሌላዋ የተወለደች ናት።»

«የመጀመሪያዋንስ ማን ወለዳት?»

«እሱን እስከ አሁን ያወቀ የለም።»

«እንግዲያው ትምህርትህ ገና አላለቀም» አሉና መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ ገበያቸው ሄዱ። መምህር ጨመዳ ይህንን መልስ ለተማሪዎቻቸው ሲነግሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃቸው ድንቅነሽ የተወለደችው በ1950 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ሁለተኛው ተድላ በ1955 ዓ.ም. ተወለደ። ሁለቱም በስምምነቱ መሠረት በእናታቸው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሡ። ድንቅነሽ መልኳ የእናቷ፣ ጥያቄዋ የአባቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሳይንስ ክፍሉ ሰው ሲቀልለት «እኔም ከሽንኩርቱ ዓይነት ነኝ?» ብላ ጠየቀች። አባቷም በክብሪት እንጨት ጫፍ ከጉንጯ ውስጠኛ ክፍል ቀስ አድርገው ዳበስ አድርገው፣ መስታወቱ ላይ ቀብተው አሳዩዋት። ጉንጭ የሚባለው ሥጋ እንዲያ በቀላሉ የሚነሡ፣ የማይጎዱ፣ በየጊዜው የሚተኩ ሴሎች ያሉት ነው። ድንቅነሽ ረጅም ጊዜ አየች።

«እነዚህ እኔ ነኝ?»

«አዎ፤ አንቺ ነሽ።»

«ብዙ ነኛ!» አለች። ያን ቀን ቤት ስትገባ ለእናቷም፣ ለአያቷ ለአቶ ገብረኪዳንም፣ ለባለሱቁ ለአቶ ወልደገብርኤልም ራሷን በመስታወት እንዳየች፣ ብዙም እንደሆነች ነገረች። ሠፈሩ ሁሉ ሳቀ። ይህ የሆነው በ1957 ዓ.ም. ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ድንቅነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መድከም ጀመረች። ፊቷ ነጣ። ሳትወድቅ እግሯ ላይ ሰማያዊ ምልክት ይወጣባት ነበር። ትኩሳቱ ሲጨመርበት ሁሉም ሰው ንዳድ ነው አለ፤ የንዳድ መድኃኒትም ተሰጣት። አልተሻላትም። አንድ ጠዋት አፍንጫዋን ነሥሯት ደሙ አልቆም ሲል፣ የውጭ አገር ሰው የሆኑት ሐኪም ደሟ ይመርመር አሉ። የሐኪም ቤቱ ማይክሮስኮፕ ያን ጊዜ ለጥገና አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር የትምህርት ቤቱ እንዲመጣ ተጠየቀ። መምህር ጨመዳ በእጃቸው አመጡት።

ድንቅነሽ ጣቷን ለሌላ ሰው አልሰጥም ስላለች የወጉት እናቷ ወይዘሮ ሐረግወይን ናቸው። ከወጉ በኋላ ልጃቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። ሐኪሙ ደሙን መስታወት ላይ ቀብተው፣ ቀለም ነክተው፣ አጎንብሰው አዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወንበሩን ለመምህር ጨመዳ ለቀቁላቸው።

መምህር ጨመዳ የጤነኛ ሰው ደም ምን እንደሚመስል ለዓመታት ለተማሪዎች ሲያሳዩ ኖረዋል። ቀዮቹ እንደ ተበተነ ምስር መስታወቱን ይሞሉታል፤ ነጮቹ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ናቸው። በልጃቸው ደም ውስጥ ያዩት ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ነጮቹ መስታወቱን ወርሰውታል። ትልልቅ ናቸው፤ ያልበሰሉ ናቸው፤ ለቀዮቹ መቆሚያ አላስቀሩም።

«ያውቋቸዋል?» አሉ ሐኪሙ።

«ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።»

«ይህን ያህል መሆን አልነበረባቸውም።»

«አልነበረባቸውም» አሉ መምህር ጨመዳ። ቀጥለውም «ከየት ነው የገባባት?» ብለው ጠየቁ።

«ከየትም አልገባም። የራሷ ሴሎች ናቸው። መባዛት ጀመሩ፤ ማቆም አልቻሉም። የደም ካንሰር ነው። ለጥቂት ጊዜ የሚያዘገይ እንጂ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም» አሉ ሐኪሙ። አማርኛቸው የተማሩት ስለነበር ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የሚያስቀምጡት፤ መምህር ጨመዳን አንዱም አላመለጣቸውም።

ወይዘሮ ሐረግወይን ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ፣ ልጃቸው ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷት፣ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። የባላቸውን ፊት ሲያዩ ማንም ሳይነግራቸው ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

«ንዳድ ነው በለኝ» አሉ።

«ንዳድ አይደለም።»

«ጨመዳ፣ ንዳድ ነው በለኝ።»

መምህር ጨመዳ ልጃቸውን ከሚስታቸው ትከሻ ተቀበሉና ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ። አባታቸውን ልጅ ሳሉ የነጠቃቸውን በሽታ ስም ያን ቀን ለልጃቸው የተመኙት እንዴት እንደሆነ፣ ኋላ ለታናሽ ወንድማቸው ለአቶ ተረፋ አንድ ጊዜ ብቻ ነግረዋቸዋል።

አዲስ አበባ ወሰዷት። አባትም እናትም ደማቸውን ሰጡ። ደም በተጨመረላት ቁጥር ፊቷ ይቀላል፤ ትቀመጣለች፤ ትበላለች። ከዚያ ተመልሶ ይነጣል። ከእነዚያ ደህና ቀናት በአንዱ አባቷ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ የታመሙት ሴሎቼ ናቸው አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«ምን አድርጌያቸው ነው?»

«ምንም አላደረግሽም። ማቆም አቅቷቸው ነው።»

«አንተ መምህር አይደለህ? ለምን አትነግራቸውም?»

መምህር ጨመዳ የማያውቁትን አላውቅም ለማለት አያፍሩም ነበር። ያን ቀን ግን አላውቅም እንኳ ማለት አልቻሉም። «እነግራቸዋለሁ» አሉ። እጇን ያዙ። እስክትተኛ ድረስ አለቀቁትም።

በግንቦት ወር ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ሲሉ ይዘዋት ተመለሱ። ድንቅነሽ ጨመዳ በሰኔ 1958 ዓ.ም.፣ በስምንት ዓመቷ፣ ነቀምቴ በተወለደችበት ቤት፣ በእናቷ ክንድ ላይ ዐረፈች። በተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረች።

ለቅሶው ገና ሳያልቅ አንድ ወሬ ተነሣ። ከማን እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። የሰው ሥጋ በመስታወት አይታይም፤ አባቷ ልጁን በመስታወት ውስጥ አጉልቶ ስላያት በዓይን ተበላች የሚል ነበር። ድንቅነሽ ራሷ «ራሴን በመስታወት አየሁ» ብላ ለሠፈሩ ሁሉ መንገሯ ወሬውን አጠነከረው። በመጨረሻም ከአቶ ገብረኪዳን አፍ ወጣ። ሐዘንተኛው በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ «የልጅ ልጄን በዓይኑ በላት» አሉ። መምህር ጨመዳ ቁጭ ካሉበት ተነሥተው ወጡ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት የሳይንሱን ክፍል ቁልፍ ለዳይሬክተሩ አስረክበው ሒሳብ ላስተምር ብለው ጠየቁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚከፈተው በር ተዘጋ።

ወይዘሮ ሐረግወይን ለብዙ ወራት ስለዚህ ነገር አልተናገሩም። ድሬሰር ነበሩ፤ ጉንጭ መዳበስ ሰው እንደማይገድል ያውቃሉ። እናት ደግሞ ነበሩ፤ እናት የምታውቀው ነገር ሁልጊዜ አያጽናናትም። አንድ ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት ባላቸውን ጠየቁ።

«ሐኪሙ የድንቄን ደም አልጣሉትም፤ መስታወቱ መሳቢያቸው ውስጥ አለ። አሳየኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«አንተ ብቻህን አይተህ ብቻህን ተሸከምከው። እኔም እናቷ ነኝ።»

መምህር ጨመዳ እምቢ ማለት አልቻሉም። ሐኪም ቤቱ ማይክሮስኮፑ ተጠግኖ ተመልሶለት ነበር። ሐኪሙ ክፍሉን ለቀውላቸው ወጡ። መምህሩ መስታወቱን አስተካክለው ለሚስታቸው ቦታ ለቀቁ። ወይዘሮ ሐረግወይን አጎነበሱ።

«የትኛዋ ናት ልጄ?»

«ሁሉም እሷ ናቸው።»

«የገደሏትስ?»

«እነሱም እሷ ናቸው» አሉ መምህር ጨመዳ። «ከውጭ የገባ የለም። እኔም አላየሁባትም፣ ሌላም ሰው አላየባትም። ከአንዲት ሴል ነው የጀመረው። ለምን እንደጀመረ አላውቅም፤ የሚያውቅም ሰው አላገኘሁም።»

ወይዘሮ ሐረግወይን ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲሉ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። ሁለቱም አለቀሱ። ወይዘሮ ሐረግወይን ያን ቀን ሥራ ሳይገቡ ከሐኪም ቤቱ ወጡ፤ ቀጥ ብለው አባታቸው ቤት ገቡ። «አባዬ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ። «ማንም አልበላትም። የገዛ ደሟ ነው የከዳት። ጨመዳ ከእኔ እኩል ነው የተቃጠለው። እርስዎ ግን ከመቃጠሉ ላይ ጨመሩበት።»

አቶ ገብረኪዳን በማግሥቱ ራሳቸው መጡ። በሩ ላይ ነጠላቸውን አውርደው ቆሙ። መምህር ጨመዳ ሮጠው ወጥተው ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። ምን እንደተባባሉ በቤቱ የነበረ ሰው አልሰማም፤ አማትና አማች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አባትና ልጅ ሆኑ።

በ1960 ዓ.ም. መስከረም መምህር ጨመዳ የሳይንሱን ክፍል ቁልፍ መልሰው ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ የተማሩ ሁሉ እንደሚመሰክሩት ስለ ሴል ሲያስተምሩ ቀድሞ የማይሉትን አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር። ሴል ከሴል እንደሚወለድ፣ ቁስል የሚድነው፣ ሕፃን የሚያድገው ሴሎች በልክ ስለሚባዙ እንደሆነ ካስረዱ በኋላ፣ ልኩን የሚስቱ እንዳሉ፣ እነዚያም ሰው እንደሚገድሉ ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር። አንድ ተማሪ «መምህር፣ ለምን ልካቸውን ይስታሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። ተመልሰው «አላውቅም» አሉ፤ «ሳላውቀው የምሞት ይመስለኛል። አንተ ግን ገና ልጅ ነህ» አሉና ትምህርቱን ቀጠሉ።

ከዚህ ሥራቸው ጎን ለጎን ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ በምክትል ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። በክረምት ወራት ጉቴና ሲሬ ድረስ እየሄዱ ስለ ንዳድና ስለ ንጹሕ ውኃ ገበሬውን በኦሮምኛ አስተምረዋል። ሰው ሲያነጋግሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር። ከድንቅነሽ ሞት በኋላ ሳቃቸው ቀነሰ እንጂ ደግነታቸው አልቀነሰም።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ኩላሊታቸው መታመሙ ታወቀ። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሄደው ታከሙ። ሐኪሞቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠሯቸው «ቤቴ ይሻለኛል» ብለው ቀሩ። ወይዘሮ ሐረግወይን ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው በራሳቸው እጅ አስታመሟቸው። እናታቸው ወይዘሮ ደራርቱ ከሲሬ በአውቶቡስ መጥተው ከአልጋቸው ሥር ተቀመጡ፤ ተነሡ ቢባሉም አልነሣም አሉ።

«ኢልመኮ» አሏቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቀባሪዬ አንተ ነበርክ።»

«ይቅር በይኝ ሀርሜ» አሉ መምህር ጨመዳ።

የካቲት 8 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ወንድማቸውና ልጃቸው ተድላ በዙሪያቸው ሳሉ፣ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወይዘሮ ሐረግወይን ባላቸው ከልጃቸው ጎን እንዲያርፉ ተመኝተው ነበር። አቶ ገብረኪዳን በዚህ እርጅናቸው በምርኩዝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደው ለመኑ። ሥርዓቱ የማይፈቅድ ሆነ። ስለዚህ መምህር ጨመዳ ዛሬ የሚያርፉት በወንጌል አማኞች መካነ መቃብር ነው። ሁለቱ መቃብሮች የሚገኙት በከተማው ሁለት ጫፍ ነው። ወይዘሮ ሐረግወይን ከእንግዲህ ወደ አንዱ ሲሄዱ ለሌላው ጀርባቸውን ይሰጣሉ።

መምህር ጨመዳ ደረሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሐረግወይን ገብረኪዳንን፣ የአሥር ዓመት ልጃቸውን ተድላ ጨመዳን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ደራርቱ ባቻን፣ ወንድማቸውን አቶ ተረፋ ደረሳን፣ አማታቸውን አቶ ገብረኪዳንን፣ በጊምቢና በነቀምቴ ያስተማሯቸውን ልጆች ሁሉ ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ደጃቸውን ላልለቀቃችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ከእኛ ጋር ለምታለቅሱ ሁሉ ቤተሰቡ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ገለቶማ ይላል።

ሕይወትን በትንሿ ክፍል ሳይቀር የሠራ አምላክ የመምህር ጨመዳን ነፍስ በሰላሙ ያሳርፍ። ለእናት፣ ለሚስትና ለልጅ ደግሞ ነገ ጠዋት ከመኝታቸው የሚነሡበትን ጉልበት ይስጣቸው።